በር ሰብሮ የገባ ጤና ጥበቃ፦ ከቦምቤይ ቸነፈር እስከ ኮሮና የዘለቀው የ4 አንቀጽ ሕግ

በ2020 የኮሮና ሰሞን ዴልሂ ውስጥ በሽታው የተገኘበት ሰው ቤት በሩ ላይ ወረቀት ይለጠፍበት ነበር። ወረቀቱ የማን ቤት እንደሆነና ሰዎቹ እስከ መቼ ከቤት እንደማይወጡ ይናገራል። አላፊ አግዳሚው ቆሞ ያነበዋል። ነገሩ እስከ ሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ፍርድ ቤቱም በዲሴምበር 2020 ሥልጣን ያለው አካል ለይቶ ካላዘዘ በቀር እንዲህ ያለ ወረቀት በሰው በር ላይ እንዳይለጠፍ ወሰነ።

ወደ 1897 እንመለስ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ቦምቤይ፣ የዛሬዋ ሙምባይ፣ ቸነፈር ገብቶባታል። የታመመ ሰው የተገኘበት ቤት ግድግዳው ላይ ክብ ይሳልበታል። ሌላ ሰው ሲታመም ሌላ ክብ ይጨመራል። በዚያ ዘመን የተነሱ ፎቶዎች ላይ ክቦቹ በር አካባቢ ተደርድረው ይታያሉ።

ክቡንም ወረቀቱንም ያየ አንድ ሕግ አለ። የወረርሽኝ በሽታዎች ሕግ ይባላል። እንግሊዞች ሕንድን ሲገዙ በፌብሩዋሪ 4 ቀን 1897 አወጡት። ያኔ 4 አንቀጽ ብቻ ነበረው። ሕንድ በ1947 ነፃ ወጣች፤ ሕጉ ግን አልተሻረም። በማርች 2020 የሕንድ መንግሥት ክልሎቹን "በዚህ ሕግ አንቀጽ 2 ተጠቀሙ" ሲላቸው ዕድሜው 123 ዓመት ሆኖት ነበር።

ይህን ታሪክ የማነሳው አንድ ጥያቄ ስለሚከነክነኝ ነው። ወረርሽኝ ሲመጣ ሰው ለምን በሽተኛውን ይደብቃል? ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ "ስላልተማረ ነው፣ ጉዳዩ ስላልገባው ነው" የሚል ነው። እኔ ይህን መልስ አልቀበለውም። የቦምቤይንና የፑናን ታሪክ ሳነብ ያየሁት ሰዎች በሽታውን በደንብ ይፈሩት እንደነበር ነው። ከበሽታው ይልቅ ግን በሽታውን ሊፈልግ የሚመጣውን ሰው ፈሩ። ለመፍራትም በቂ ምክንያት ነበራቸው።

ለወታደሩ ተብሎ የተጀመረ ነገር

በእንግሊዝ ሕንድ የሕዝብ ጤና ሥራ የተጀመረው ለሕዝቡ ተብሎ አይደለም። ሕንዶች በእንግሊዞች ላይ ካነሱት የ1857ቱ ታላቅ አመጽ በኋላ ለንደን የጦሩን ጤና የሚያጠና ኮሚሽን አቋቋመች። ታዋቂዋ ነርስ ፍሎረንስ ናይቲንጌል ለዚህ ጥናት ብዙ ደክማለች። ሪፖርቱ በ1863 ሲወጣ ሕንድ ካሉት የእንግሊዝ ወታደሮች በዓመት ከ1000ው 69 ያህሉ እንደሚሞቱ አሳየ። አብዛኞቹን የሚገድላቸው ጥይት አልነበረም። ወባ፣ ተቅማጥና ኮሌራ ነበር።

መንግሥት ደነገጠ። የጦር ሰፈሮቹ ተስተካከሉ፤ ውሃው ተጣራ፤ ቦይ ተቆፈረ። እንግሊዞቹ የሚኖሩበት ሰፈር ሰፊ መንገድና ዛፍ ኖረው። የአገሬው ሰው ሰፈር ከአጥሩ ወዲያ ቀረ። ያ ሰፈር ከዚያ ወዲህ የሚታየው በሽታ የሚመጣበት አቅጣጫ ሆኖ ነው።

ታዲያ የአገሬውን ሰው ከተማ ማን ያጽዳ? መልሱ "ማዘጋጃ ቤቱ" የሚል ሆነ። ሕንድን በእንግሊዝ ዘውድ ስም ያስተዳድር የነበረው እንደራሴ ሎርድ ማዮ በ1870 የአንዳንድ አገልግሎቶችን ወጪ ከማዕከል ወደ ታች አወረደ። ኋላ እንደራሴ የሆነው ሎርድ ሪፖን በሜይ 1882 የአካባቢ ምክር ቤቶች በምርጫ እንዲቋቋሙ የሚያዝ ሰነድ አወጣ። ሪፖን ቅን ሰው ነበር ብዬ አምናለሁ። ዋና ዓላማው ሕዝቡ ራሱን ማስተዳደር እንዲለማመድ እንደሆነ በግልጽ ጽፏል። ግን መምረጥ የሚችለው ግብር የሚከፍለው ጥቂት ሰው ነው። ትልልቁ ገቢ ወደ ማዕከል ይሄዳል፤ ከዚያም ለጦሩ ይውላል። ለማዘጋጃ ቤቱ የሚተርፈው የቤት ግብርና የውሃ ክፍያ ነው። ቆሻሻው ግን ሙሉ በሙሉ የእሱ ነው።

ቦምቤይ ከሁሉም ትሻል ነበር። በ1888 በወጣው ሕግ 72 አባላት ያሉት ምክር ቤት ነበራት። ምክር ቤቱ በጀት ያጸድቃል፣ ይከራከራል፣ ይጠይቃል። ሥራ የማስፈጸሙ ሥልጣን ግን መንግሥት በሚሾመው ኮሚሽነር እጅ ነው። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ኋላ ላይ ይመጣል።

ማንድቪ፣ ሴፕቴምበር 1896

ማንድቪ ከቦምቤይ ወደብ አጠገብ ያለ የነጋዴ ሰፈር ነው። እህል የተከመረባቸው መጋዘኖች አሉ። እህል ባለበት አይጥ አለ። በ1896 ክረምት መገባደጃ ላይ አይጦች በየጥጉ ሞተው ይገኙ ጀመር። ቀጥሎ ሰው መታመም ጀመረ። ብርቱ ትኩሳት፣ ከዚያ ብብት ወይም ብሽሽት ላይ ትልቅ ንፍፊት፣ ከዚያ ሞት።

ቸነፈር የሚለውን ቃል እኛ አብዛኞቻችን የምናውቀው ከመጽሐፍ ቅዱስ ነው። "ራብም ቸነፈርም" ሲባል የጥንት ነገር ይመስለናል። ለቦምቤይ ሰዎች ግን ጎረቤታቸው ቤት ገባ። በሽታው በ1894 ሆንግ ኮንግን መትቶ ነበር። አሌክሳንደር የርሲን የሚባለው ሐኪም ባክቴሪያውን ያገኘው ያኔ እዚያ ነው። ወደ ቦምቤይ የመጣው በመርከብ እንደሆነ ይታመናል።

በሽታውን ቸነፈር ነው ብሎ በስሙ የጠራው ዶክተር አካሲዮ ቪየጋስ ነው። ሴፕቴምበር 23 ቀን 1896። ቪየጋስ የጎዋ ተወላጅ ነው፤ ማንድቪ ውስጥ ሰው ያክማል። የከተማው ምክር ቤት አባልም ነበር። ይህ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። ወረርሽኙን ያወቀው ሰፈሩን የሚያውቅ፣ ሰፈሩም የሚያውቀው ሰው ነው። ቤተሰብ በሩን ከፍቶ ያስገባዋል፤ ታማሚው ገልጦ ያሳየዋል። ያን ዓይነት ሰው ባይኖር በሽታው ስንት ሳምንት ስም ሳይኖረው ይቆይ ነበር?

ባለሥልጣናቱ መጀመሪያ ቃሉን ለመቀበል አቅማሙ። ቸነፈር ማለት የወደቡ መዘጋት ነው። የአውሮፓ አገሮች የቦምቤይን መርከብ አናስጠጋም ቢሉ ጥጡ፣ እህሉ፣ ገንዘቡ ሁሉ ይቆማል። ማመንታቱ ሲያበቃ ደግሞ ወደ ሌላው ጫፍ ሮጡ። ኮሚሽነሩ በኦክቶበር መጀመሪያ ላይ ማንኛውንም ታማሚ በግድ ሆስፒታል የማስገባት፣ ማንኛውንም ቤት የመፈተሽና የማጽዳት ሥልጣን ለራሱ የሚሰጥ ማስታወቂያ አወጣ።

ሆስፒታል ማለት ያኔ ምን ማለት እንደሆነ ማሰብ ያስፈልጋል። ቸነፈር ይዞት የገባ ሰው አብዛኛውን ጊዜ አይወጣም። ዘመድ እንዳያስታምመው ይከለከላል። ማን እንዳበሰለው የማያውቀውን ምግብ ይበላል። ሲሞት በወጉ ማን ይቀብረዋል፣ ማንስ ያቃጥለዋል? ለቤተሰቡ፣ በሽተኛውን አሳልፎ መስጠት ቁሙን እንደ መቅበር ነበር። ኦክቶበር 29 ቀን 1896 ወደ 1000 የሚጠጉ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኞች በአርተር ሮድ የሚገኘውን ሆስፒታል አጠቁ።

ከዚህ በኋላ የሆነው ያስደንቃል። ኮሚሽነሩ ማስታወቂያውን አላላው። ምክንያቱን ሲያስረዳ ስለ ፋብሪካ ሠራተኞቹ ብቻ አልተናገረም። ትልቁ ፍርሃቱ የከተማው ጽዳት ሠራተኞች እንዳይሸሹ ነበር። የቦምቤይን መጸዳጃ ጉድጓድና ጎዳና የሚጠርጉት ከሁሉ በታች ተደርገው የሚታዩ ሰዎች ናቸው። እነሱ ከሄዱ ከተማዋ በሳምንት ውስጥ ለመኖሪያ አትሆንም። ታላቁ መንግሥት የቆመው በእነዚህ ሰዎች መጥረጊያ ላይ እንደሆነ ያን ቀን ገባው።

ሕዝቡ ግን አስቀድሞ ወስኗል። በባቡር፣ በጀልባ፣ በእግር ወጣ። ከ800 ሺህ ትንሽ በላይ ሕዝብ ከነበራት ከተማ እስከ 1897 መጀመሪያ ድረስ ግማሽ ያህሉ ለቆ ሄደ። በሽታውም አብሮ ሄደ።

4 አንቀጽ

በዚህ መሃል አውሮፓ ጮኸች። በ1897 መጀመሪያ ቬኒስ ላይ ስለ ቸነፈሩ ዓለም አቀፍ ጉባኤ ተጠራ። እንግሊዝ "ቁጥጥር እያደረግሁ ነው" ብላ ማሳየት ነበረባት። ሕጉ የወጣው ጉባኤው ሊከፈት ቀናት ሲቀሩት ነው። የዚያ ዓመት የሐጅ ተጓዦችም ከቦምቤይ እንዳይሳፈሩ ተከለከሉ። የሕንድ ሕዝብ ጤና በዚህ ሁሉ ውስጥ የመጀመሪያው ጉዳይ አልነበረም። የመጀመሪያው ጉዳይ ንግዱ ነበር።

ሕጉን አንብቤዋለሁ። አንድ ሻይ ጠጥቶ እስኪጨረስ ተነቦ ያልቃል። አንቀጽ 1 ስሙን ይናገራል። አንቀጽ 2 መንግሥት "ያለው ሕግ አይበቃም" ብሎ ካመነ ማንኛውንም እርምጃ መውሰድ፣ ማንንም ሰው በዚያ ሥራ ላይ ማዝመት ይችላል ይላል። አንቀጽ 3 ያልታዘዘ ይቀጣል ይላል። አንቀጽ 4 በዚህ ሕግ መሠረት በቅን ልቦና ሥራ በሠራ ሰው ላይ ክስ አይመሠረትም ይላል።

አሁን የሌለውን እንይ። "አደገኛ ወረርሽኝ" ምን እንደሆነ አይተረጉምም። የታመመ ሰው ምግብ፣ ሕክምና ወይም ዘመዱን የማየት መብት እንዳለው አይናገርም። ካሳን በተመለከተ ወጪውን፣ "ካሳ ካለ" ካሳውንም ጭምር፣ ማን እንደሚከፍል መንግሥት ይወስናል ይላል። ካሳ ይገባል ግን አይልም። የአካባቢ ምክር ቤትም በሕጉ ውስጥ የሚመከር አካል ሆኖ አልገባም። ሪፖን ከ15 ዓመት በፊት የተከለው ነገር በጣም በሚያስፈልግበት ሰዓት ወደ ጎን ተደረገ። በማርች 1897 ቦምቤይ ውስጥ የቸነፈሩን ሥራ የሚመራ ኮሚቴ ሲቋቋም ሊቀመንበሩ የጦር ጄኔራል ነበር፤ ዊሊያም ጋታከር ይባላል።

ጋታከር ግን ትንሽ አስተዋይነት ነበረው። የየማኅበረሰቡን ሽማግሌዎች አነጋገረ። ሂንዱው፣ ሙስሊሙ፣ ፓርሲው (ከፋርስ የመጡ የዞሮአስተር እምነት ተከታዮች ናቸው) የየራሱን ሆስፒታል እንዲከፍት ፈቀደ። በእነዚያ ቦታዎች ዘመድ ማስታመም ይችላል፤ ምግቡን የራሱ ወገን ያበስለዋል። ቦምቤይ ከዚያም በኋላ ሁከት አልጠፋባትም። ፑና ላይ የሆነው ግን የከፋ ነበር።

ፑና

ፑና (ዛሬ ፑኔ) የማራታዎች የቀድሞ መዲና ናት። የተማረና ኩሩ ሕዝብ አላት፤ ጋዜጣ አላት። ለቸነፈሩ ኮሚቴ ሊቀመንበር ሆኖ የተላከው ዋልተር ቻርለስ ራንድ የሚባል ባለሥልጣን ነው። ራንድ ሥራውን በወታደር ሊሠራ ወሰነ። ከማርች 13 እስከ ሜይ 19 ቀን 1897 የእንግሊዝ ወታደሮች በየሰፈሩ እየዞሩ ቤት ፈተሹ።

አንድ ጠዋት ይህ ቤትህ ላይ ቢሆን አስበው። መንገዱ ከሁለቱም ጫፍ ይዘጋል። ቋንቋህን የማያውቁ ወጣት ወታደሮች ጫማቸውን እንዳደረጉ ይገባሉ። ወጥ ቤት ይገባሉ፤ ጸሎት የሚደረግበት ክፍልም ይገባሉ። ሴቶቹ ንፍፊት እንዳለባቸው ለማየት ወደ ብርሃን ውጡ ይባላሉ። የታመመ ከተገኘ ወደ ሆስፒታል፣ አብረውት የኖሩት ወደ ማቆያ ሰፈር ይወሰዳሉ። ልብሱና አልጋው ይቃጠላል። ወለሉ ይቆፈራል፤ ግድግዳው ኖራ ይቀባል። ቤቱ ባለቤቶቹ እስኪመለሱ ተከፍቶ ይቆያል፤ ዕቃ ይጠፋል።

ራንድ በሪፖርቱ ወታደሮቹ ሆን ብለው የሴትን ክብር እንደደፈሩ የሚያሳይ ተዓማኒ አቤቱታ አልቀረበም ሲል ጻፈ። ጎፓል ክሪሽና ጎካሌ የሚባለው የፑና ፖለቲከኛ በዚያው ሰሞን እንግሊዝ አገር ነበርና ሴቶች መደፈራቸውን የሚገልጽ ደብዳቤ እንደደረሰው ለጋዜጣ ተናገረ። አገሩ ሲመለስ በስሙ ወጥቶ የሚመሰክር ሰው አጣ። በይፋ ይቅርታ ለመጠየቅ ተገደደ። ለእንግሊዞቹ ይህ ነገሩ ውሸት ለመሆኑ ማረጋገጫ ሆነ። እኔ ሌላ ነገር ነው የሚታየኝ። በዚያ ዘመን የነበረች አንዲት ሴት እንዲህ ያለውን ነገር በአደባባይ መናገር ለእሷ ሁለተኛ ሞት ነው። ደግሞስ ለማን ትናገር? ለኮሚቴው? ለወታደሩ አዛዥ? አንቀጽ 4 እኮ በሩን ዘግቶታል።

ፑና ውስጥ ጋዜጣ የነበረው ባል ጋንጋድሃር ቲላክ ብዙ ጊዜ ሳይንስን የሚጠላ ተደርጎ ተስሏል። አልነበረም። በሽታው መለየት እንዳለበት ያምን ነበር። ራሱ ፑና ውስጥ ለሂንዱዎች የቸነፈር ሆስፒታል ከፍቶ ሕመምተኞችን ይጎበኝ ነበር። ሀብታሞቹ መሪዎች ከተማዋን ጥለው ሲሸሹ እሱ ቀረ። የተቃወመው አሠራሩን ነው።

ስለ ፑና ሲነሳ ሳቪትሪባይ ፉሌን መዝለል አልችልም። ከዝቅተኛ መደብ የመጡ ሴት ልጆችን ስታስተምር ድንጋይ የተወረወረባት መምህርት ናት። ቸነፈሩ ሲገባ ዕድሜዋ 66 ነበር። ሐኪም ከሆነው የማደጎ ልጇ ጋር ከከተማው ወጣ ብሎ ማከሚያ ከፈቱ። አንድ የታመመ ሕፃን ተሸክማ እዚያ አደረሰችው። በሽታው ያዛትና ማርች 10 ቀን 1897 ሞተች። ወታደሮቹ ፍተሻቸውን ሊጀምሩ 3 ቀን ሲቀር ማለት ነው። ከተማዋ እንዲህ ያሉ ሰዎች ነበሯት። ኮሚቴው እነሱን ይዞ መሥራት ይችል ነበር።

ጁን 22 ቀን 1897 ንግሥት ቪክቶሪያ የነገሠችበት 60ኛ ዓመት ይከበር ነበር። ራንድ ከግብዣው ሲመለስ መንገድ ላይ ተተኮሰበት። አብሮ የነበረ ሌተናንት አየርስት የሚባል መኮንን ወዲያው ሞተ፤ ራንድ በጁላይ መጀመሪያ ሞተ። ተኩሱ የቻፔካር ወንድማማቾች ሥራ ነበር። ከመካከላቸው ዳሞዳር በ1898፣ ወንድሞቹ በ1899 ተሰቀሉ። ቲላክ በጋዜጣው በወጡ ጽሑፎች ሳቢያ አመጽ አነሳስተሃል ተብሎ 18 ወር ተፈረደበት። የሕንድ የነፃነት ትግል ታሪክ ሲጻፍ ይህ ሁሌ ይነሳል። ጥይቱ የተተኮሰው ግን በጤና ኮሚቴ ሊቀመንበር ላይ እንደነበር ብዙ ጊዜ ይረሳል።

የተሳተው ዒላማ

ከሁሉ የሚያሳዝነው ይህ ሁሉ ጉልበት የወጣው በተሳሳተ ቦታ ላይ መሆኑ ነው። ቸነፈሩን ከአይጥ ወደ ሰው የሚያመጣው ቁንጫ ነው። ፖል ሉዊ ሲሞን የሚባለው ፈረንሳዊ ሐኪም ይህን ያሳየው በ1898 ካራቺ ላይ ነው። ብዙዎቹ ባለሙያዎች አላመኑትም። ሕንድ ውስጥ የተቋቋመ የምርምር ኮሚሽን ያረጋገጠው ከ1905 በኋላ ነው። ንፍፊት ያለበት በሽተኛ ከአጠገቡ ላለው ሰው ብዙም አደገኛ አልነበረም። አስከሬን መፈተሽ፣ ልብስ ማቃጠል፣ እናትን ከልጅ መለየት፣ ይህ ሁሉ የተደረገው በሽታው በሰው፣ በቆሻሻና በመጥፎ አየር ይተላለፋል ተብሎ ነው።

በዘመኑ ያልታወቀን ነገር አላወቁም ብዬ አልወቅሳቸውም። የምወቅሳቸው ያላወቁትን ነገር እንደሚያውቁ ሆነው በወታደር ስላስፈጸሙት ነው። ባለመጋዘኑ፣ እማወራዋ፣ ጽዳት ሠራተኛው አይጦቹ ቀድመው እንደሚሞቱ አይተዋል። የሚጠይቃቸው ቢኖር ይናገሩ ነበር።

በአንጻሩ የሠራ ነገር ነበር። ዋልዴማር ሃፍኪን ከኦዴሳ የመጣ አይሁዳዊ የባክቴሪያ ተመራማሪ ነው። ቦምቤይ ውስጥ በአንድ የሕክምና ኮሌጅ ጠባብ ቦታ ላይ ተቀምጦ በ3 ወር የቸነፈር ክትባት ሠራ። ጃንዋሪ 10 ቀን 1897 መጀመሪያ የተወጋው እሱ ራሱ ነው። ክትባቱ በፈቃድ ነበር። የኢስማኢሊ ሙስሊሞች መሪ አጋ ኻን ያኔ 19 ዓመቱ ነው። ተከታዮቹ ፊት ደጋግሞ ተወጋ። ወገኖቹም ተከተሉት። ወታደር አላስፈለገም።

እምነት ግን ቶሎ ይሰበራል። በኦክቶበር 1902 ፑንጃብ ውስጥ ሙልኮዋል በምትባል መንደር ከአንድ ብልቃጥ ከተከተቡት 107 ሰዎች 19ኙ በመንጋጋ ቆልፍ ሞቱ። ጥፋቱ በሃፍኪን ተላከከ፤ ከሥራውም ተነሳ። በኋላ ስህተቱ መንደሩ ውስጥ ብልቃጡ ሲከፈት መሬት ከወደቀ መሣሪያ የመጣ እንደሆነ ታየ። ስሙ የጸዳው በ1907 ነው። ያ ዓመት ሕንድ ውስጥ ቸነፈሩ በአንድ ዓመት ብቻ ከ1 ሚሊዮን በላይ ሰው የጨረሰበት ነው። ጠቅላላው ሞት ከ10 ሚሊዮን በላይ ደርሷል።

መንግሥትም ከ1898 በኋላ ቀስ በቀስ ማስገደዱን ተወ። ልቡ ስለራራ አይመስለኝም። ሁከቱ ከቦምቤይ እስከ ካልካታና ካንፑር ተስፋፋ፤ ገንዘቡም አልቻለም። በማስገደዱ ፋንታ ጥሩ ነገር አለመተካቱ ግን ሌላ ጥፋት ነው። ማዘጋጃ ቤቶቹ ያው ድሃ ማዘጋጃ ቤቶች ሆነው ቀሩ።

አሠራሩ ባሕርም ተሻገረ። በ1901 ቸነፈር ኬፕታውን ሲገባ ከ6 ሺህ የማያንሱ ጥቁሮች ከከተማው ተነቅለው ወደ አንድ የእርሻ ቦታ ተወሰዱ። ኋላ ንዳቤኒ ተባለ። በበሽታው የተያዙት ጥቁሮች ከነጮቹ ያነሱ ነበሩ። በሽታው አለፈ፤ ሰዎቹ ግን ወደ ቤታቸው አልተመለሱም። ቀድሞ የካልካታ የጤና ሹም የነበረው ዊሊያም ሲምፕሰን ለቸነፈሩ ሥራ ኬፕታውን ሄዷል፤ በ1908 ደግሞ ወርቅ ጠረፍ (የዛሬዋ ጋና) ተልኳል። ቆየት ብሎ ለምሥራቅ አፍሪካ ከተሞች ያቀረበው ምክር የዘር ሰፈሮች ተለያይተው እንዲሠሩ ነበር። አንድ ሰው፣ አንድ ሐሳብ፣ 3 የቅኝ ግዛት አካባቢዎች።

2020

አሁን ወደ ኮሮናው እንመለስ። ሕንድ በማርች 2020 በጥቂት ሰዓት ማስጠንቀቂያ ተዘጋች። የቀን ሠራተኞች ሥራም ትራንስፖርትም አጥተው በእግራቸው ወደ አገራቸው ተጓዙ። ባሬሊ በምትባል ከተማ የተመለሱ ሰዎች መሬት ላይ ተቀምጠው የተባይ ማጥፊያ እንደሚረጭ በኬሚካል ሲረጩ የሚያሳይ ቪዲዮ ወጣ። ሴቶችና ሕፃናት ነበሩበት። ባለሥልጣናቱ ኋላ ላይ ስህተት ነው አሉ። እኔ ያን ቪዲዮ ሳይ የፑናን ጠዋት አየሁ። በሽተኛን ማከምና በሽታ የያዘ ዕቃን ማጽዳት ያልተለዩበት ጭንቅላት ዛሬም አለ።

በዚያው አገር፣ በዚያው ዓመት፣ ኬረላ ሌላ መንገድ ሄደች። ኬረላ ከ1996 ጀምሮ ከልማት በጀቷ ትልቅ ድርሻ ለቀበሌ ምክር ቤቶች ታወርዳለች። 941 የገጠር ምክር ቤቶች አሏት። መዘጋቱ ሲታወጅ የየአካባቢው ምክር ቤት የጋራ ወጥ ቤት ከፈተ፤ ለይቶ ማቆያ ለገባ ሰው ምግብ በሩ ድረስ ተላከለት። ማን ብቻውን እንደሚኖር፣ ማን የስኳር መድኃኒት እንደሚያልቅበት የሚያውቅ ሰው እዚያው ሰፈር ነበር። ኬረላ በ2021 ብዙ ሰው ታሞባታል፤ ተአምር አልሠራችም። ግን ሰው "ታመምኩ" ብሎ ሲናገር ምን እንደሚመጣበት ያውቅ ነበር። የሚመጣበት ሩዝና ነርስ ነበር።

በ2020 የድሮው ሕግ ተሻሻለ። የጤና ሠራተኛን አጥቅቶ ከባድ ጉዳት ያደረሰ ሰው እስከ 7 ዓመት እንዲታሰር የሚያደርግ ድንጋጌ ገባበት። ነርሶች ከተከራዩበት ቤት ሲባረሩ፣ ሐኪሞች በድንጋይ ሲወገሩ ስለነበር ይህ ተገቢ ነው። ስለ ታማሚው መብት ግን አሁንም ምንም አልተጨመረም። የሕንድ የሕግ ኮሚሽን በ2024 መጀመሪያ ባወጣው ሪፖርት ይህ ሕግ ለዛሬ ወረርሽኝ እንደማይበቃ፣ መሻሻል ወይም በሌላ መተካት እንዳለበት ጽፏል።

አንድ ከተማ ይቀረኛል፤ ሱራት። ከሙምባይ በስተሰሜን ያለች የጨርቃ ጨርቅና የአልማዝ ከተማ ናት። በሴፕቴምበር 1994፣ ከማንድቪ 98 ዓመት በኋላ፣ ቸነፈር ተመልሶ መጣ ተባለ። በጥቂት ቀን ውስጥ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሰው ከተማውን ለቆ ሸሸ። ሐኪሞችም ሸሹ። በመጨረሻ የሞቱት ከ60 አይበልጡም ነበር፤ ግን ከተማዋ ባዶ ሆነች። ቆሻሻዋ በዓለም ቴሌቪዥን ታየ።

በ1995 ኤስ አር ራኦ የሚባል ኮሚሽነር ተሾመ። ያደረገው የመጀመሪያ ነገር ባለሥልጣናቱን ከቢሮ ማስወጣት ነበር። ራሱንም ጨምሮ ሁሉም ጠዋት ጠዋት መስክ ላይ ይውላል፤ ቆሻሻ መነሳቱን፣ ቦዩ መጠረጉን በዓይኑ ያያል። ከተማዋ በየክፍሉ ተከፍላ ለየክፍሉ ኃላፊ የመወሰን ሥልጣን ተሰጠው። ሕገወጥ ግንባታ ሲፈርስ የሀብታሙም ፈረሰ። ቆሻሻ ተሰብስቦ የሚነሳበት ሰዓት ታወቀ፤ የጽዳት ሠራተኛው በሌሊትም ወጣ። በ2 ዓመት ውስጥ ሱራት በሕንድ ከንጹሖቹ ከተሞች ተርታ ገባች። ሸሽተው የነበሩት ሠራተኞች ተመልሰው ያገኟት ቆሻሻዋ በየቀኑ የሚነሳ፣ ጠዋት ኃላፊው ሰፈራቸው ውስጥ ቆሞ "ምን ጎደለ?" የሚልባት ከተማ ነበረች።